61,000 ዶላር ምን ያህል ግምገማ ይገዛል? የማያሚው የእግረኞች ድልድይ እና የስትራክቸራል ዲዛይን ግምገማ ክፍያ

እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2018 (መጋቢት 6 ቀን 2010 ዓ.ም.) ከቀኑ 7 ሰዓት ከ46 ገደማ፣ በማያሚ ሳውዝዌስት 8ኛ ጎዳና ላይ ግንባታው ያላለቀ የእግረኞች ድልድይ ወደቀ። የዋናው ስፓን (በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው የድልድዩ ክፍል) ርዝመት 53 ሜትር፣ ክብደቱ በአሜሪካ መለኪያ 950 ቶን፣ በሜትሪክ 862 ቶን ገደማ ነበር። ከ5.6 ሜትር ከፍታ ወርዶ ከሥሩ የነበሩ ስምንት መኪኖችን ተጫነ። አምስት የመኪና ተሳፋሪዎችና አንድ የግንባታ ሠራተኛ ሞቱ፤ አሥር ሰዎች ቆሰሉ።

ምርመራውን ያካሄደው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ውጤቱን አጸደቀ። ዋናው መንስኤ ዲዛይነሩ ፊግ ብሪጅ ኢንጂነርስ በአንድ መጋጠሚያ ላይ የሠራው የጭነትና የአቅም ስሌት ስህተት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ቦርዱ አስተዋጽኦ አድርጓል ያለው ስህተቱን ለመያዝ የተቀጠረውን ገለልተኛ ገምጋሚ፣ የሉዊስ በርገር ኩባንያን ነው፤ ግምገማው በቂ ስላልነበር ስህተቱን ሳያገኘው አለፈ።

ይህ አደጋ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ድልድዩ ከመውደቁ በፊት የታየበትን ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ ከመታየቱ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በፊት ግን አንድ የዋጋ ድርድር ተካሂዷል። የሌላ መሐንዲስን ዲዛይን ለመገምገም ስንት ይከፈላል የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚያ ድርድር በላይ የሚያሳይ ፋይል አናውቅም። በዚህ ጽሑፍ ድርድሩን ቁጥር በቁጥር እንፈታዋለን፤ ከዚያ ክፍያው እንዴት መሠራት እንደነበረበት እናሰላለን።

ገምጋሚው በማን ተቀጠረ?

የድልድዩ ባለቤት የፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሥራው በዲዛይንና ግንባታ ጥምር ውል ለኤም.ሲ.ኤም ተቋራጭ ተሰጠ፤ ተቋራጩ ፊግን ዲዛይነር አድርጎ ያዘ። የፍሎሪዳ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መመሪያ ውስብስብ ድልድዮችን ምድብ 2 ብሎ ይለያል፤ በዚህ ምድብ ውስጥ ያለ ድልድይ ሁሉ ከዲዛይነሩ ውጭ በሆነ ድርጅት እንዲገመገም ያዛል። መመሪያው የግምገማውን ትርጉምም ይሰጣል። የዲዛይነሩን ወረቀት አገላብጦ ማየት አይበቃም። ገምጋሚው በራሱ ሞዴልና በሌላ ሶፍትዌር ከመነሻው አስልቶ፣ ያገኘውን ከዲዛይነሩ ውጤት ጋር ያስተያያል።

ፊግ በመጀመሪያ ያሰበው ግምገማውን በራሱ ሌላ ቢሮ ማሠራት ነበር። መሥሪያ ቤቱ ይህ አይቻልም ስላለው እ.ኤ.አ. በ2016 የውጭ ኩባንያ ፈለገ። ስለዚህ ገምጋሚውን የመረጠው፣ ዋጋውን የተደራደረው፣ የሥራውን ወሰን የጻፈው፣ የሚከፍለውም ራሱ ተገምጋሚው ሆነ። በዚያ ላይ የገምጋሚው ቅጥር ዘግይቶ ስለመጣ የዲዛይኑ የጊዜ ሰሌዳ ሲሮጥ ድርድሩ ገና መጀመሩ ነበር። የግምገማ ገንዘብ ከመነሻው በዲዛይን ውሉ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ካልተያዘለት፣ በኋላ የሚከፈለው ከዲዛይነሩ ትርፍ ተቀንሶ ነው። ከትርፉ የሚከፍል ሰው ዋጋ ቢከራከር ማንም አይፈርድበትም፤ ጥፋቱ የአወቃቀሩ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሉዊስ በርገር ለውስብስብ የኮንክሪት ድልድይ ዲዛይን በፍሎሪዳ መሥሪያ ቤት ቅድመ ብቃት ያልተሰጠው ድርጅት እንደነበር ምርመራው አረጋግጧል። ዋጋ ማወዳደር ትርጉም የሚኖረው ብቃታቸው አስቀድሞ በተረጋገጠ ድርጅቶች መካከል ነው።

ከ110,000 ወደ 61,000

ሉዊስ በርገር መጀመሪያ ያቀረበው 110,000 ዶላርና 10 ሳምንት ነው። ከድርድሩ በኋላ የተስማሙት በ61,000 ዶላርና በ7 ሳምንት ሆነ። ገንዘቡ በ44 ከመቶ ተኩል ገደማ ወረደ፤ ጊዜው በ30 ከመቶ።

ፕሮጀክቱ በወቅቱ ወደ 14.2 ሚሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ይነገር ነበር። በዚህ ሒሳብ የመጀመሪያው የግምገማ ዋጋ 0.77 ከመቶ ሲሆን የመጨረሻው 0.43 ከመቶ ነው። በድርድር የዳነው 49,000 ዶላር ከፕሮጀክቱ አንድ ሦስተኛ ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። በጠቅላላው ወጪ ሰንጠረዥ ላይ ይህ ቁጥር ዓይን ውስጥ አይገባም። በግምገማው ውስጥ ግን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥራ ነው።

ገንዘቡን ወደ ሰዓት እንለውጠው። አማካይ የሰዓት ዋጋ 150 ዶላር እንበል። ይህ ለስሌት እንዲመች የወሰድነው እንጂ የኩባንያው ታሪፍ አይደለም። 110,000 ዶላር 733 ሰዓት ይገዛል፤ 61,000 ዶላር ደግሞ 407 ሰዓት። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ አንድ መሐንዲስ በ7 ሳምንት 280 ሰዓት ያገኛል። ስለዚህ 407 ሰዓት አንድ ሙሉ መሐንዲስና የሌላ መሐንዲስ ግማሽ ጊዜ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስዕሉ ይነበባል፣ ሞዴል ይሠራል፣ አባላቱ (የድልድዩ ተሸካሚ ክፍሎች) ይፈተሻሉ፣ አስተያየት ይጻፋል፣ የዲዛይነሩ መልስ ይታያል፣ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይፈረማል።

ድርድሩ ሲያልቅ ከሥራው ውስጥ ምን ወጣ? ገምጋሚው መሐንዲስ ለመርማሪዎቹ እንደተናገረው መጋጠሚያዎቹን ለመተንተን ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ጊዜና ገንዘብ ላይ ግን ከዲዛይነሩ ጋር ስምምነት አልተደረሰም። የተሠራው ሞዴል ድልድዩን ተሠርቶ እንዳለቀ፣ በአንድ ደረጃ ብቻ ያየ ነበር። የግንባታ ደረጃዎቹም መጋጠሚያዎቹም ሳይፈተሹ ቀሩ። ድልድዩ የወደቀው በግንባታ ደረጃ ላይ እያለ ነው፤ የወደቀውም በመጋጠሚያ ነው።

መጋጠሚያ 11/12

ድልድዩ ትረስ ነው፤ ከታች ወለል፣ ከላይ ጣሪያ፣ በመካከላቸው በአንድ መስመር ላይ ብቻ የተተከሉ የኮንክሪት ሰያፍና ቋሚ አባላት። አባላቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ከ1 እስከ 12 ተቆጥረዋል። አባል 12 በሰሜን ጫፍ ያለው ቋሚ ነው። አባል 11 ከጣሪያው ወደዚያው ጫፍ ተንጋድዶ የሚወርደው ሰያፍ ነው። ሁለቱ ወለሉ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ አባል ቢሰበር ጭነቱን የሚረከብ ጎረቤት ትረስ የለም።

በአባል 11 ውስጥ የሚወርደው ግፊት ወለሉ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ቁልቁል የሚሄደው ክፍል ወደ ድጋፉ ይገባል። አግድም የሚሄደው ክፍል የመጋጠሚያውን ግርጌ ከወለሉ ላይ ወደ ሰሜን ገፍቶ ሊያንሸራትተው ይሞክራል። ወለሉ መጀመሪያ፣ አባሉ በኋላ ስለሚሞላ በመካከላቸው ኮልድ ጆይንት፣ ማለትም በደረቀ ኮንክሪት ላይ አዲስ የተሞላበት ገጽ፣ አለ። አግድሙን ኃይል የሚይዙት በዚያ ገጽ ላይ ያለው የኮንክሪት መያያዝ፣ ገጹን የሚያቋርጠው ፌሮና ገጹን የሚጫነው ቋሚ ግፊት ናቸው።

በአሜሪካ የድልድይ ኮድ ይህን መፈተሽ አንድ መስመር ስሌት ነው፦ አቅም ማለት የመያያዝ ዋጋ በገጹ ስፋት ተባዝቶ፣ ሲደመር የሰበቃ ዋጋ በፌሮው ጥንካሬና በቋሚው ግፊት ድምር ተባዝቶ። የሚያሳስቱት የሚገቡት ቁጥሮች ናቸው። ገጹ በ6 ሚሊ ሜትር ያህል ሸካራ ከተደረገ የመያያዝ ዋጋው 1.65 ሜጋፓስካል፣ የሰበቃ ዋጋው 1.0 ነው። ሸካራ ካልተደረገ 0.52 ሜጋፓስካልና 0.6 ይሆናሉ። 1 ካሬ ሜትር ገጽ ብንወስድ የመያያዙ ድርሻ ብቻ ከ1,650 ኪሎኒውተን ወደ 520 ይወርዳል።

ቋሚውን ግፊት ማየት ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ግፊቱ ገጹን አጥብቆ ስለሚይዝ አጋዥ ነው። አጋዥ ጭነት በማሳደጊያ ማብዣ አይባዛም፤ በመቀነሻ ይባዛል። ለምሳሌ ገጹን የሚጫነው 5,000 ኪሎኒውተን ቢሆን በ1.25 ሲባዛ 6,250፣ በ0.9 ሲባዛ 4,500 ነው። የ1,750 ልዩነት የሌለ አቅም ሆኖ ወረቀት ላይ ይቀመጣል። ምርመራው በፊግ ስሌት ውስጥ ያገኘው በሁለት በኩል የተሳሳተ ነበር፤ በመጋጠሚያው ላይ የሚመጣው ኃይል በጣም አንሶ ተገምቷል፣ በተሳሳተ የጭነት ማብዣ ምክንያት ደግሞ አቅሙ በዝቶ ተገምቷል። ገጹ እንደሚጠበቀው ሸካራ አልተደረገም ነበር፤ ቢደረግም ኖሮ መጋጠሚያው በቂ አቅም እንደማይኖረው ቦርዱ ደምድሟል።

የፍሬም ሞዴል በአባላት ውስጥ ያለውን ኃይል ያወጣል፤ መጋጠሚያ በሞዴሉ ውስጥ ነጥብ ነው፤ ነጥብ ደግሞ አይንሸራተትም፣ አይሰነጠቅም። ሶፍትዌሩ ሁሉንም አባል አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ሊያሳይ ይችላል። መጋጠሚያውን የሚያየው ወረቀትና እርሳስ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው። ለዚህ የሚከፈለው ለመሐንዲሱ ሰዓት ነው፤ ክፍያ ሲቀነስም ቀድሞ የሚጠፋው ይኸው ሰዓት ነው።

ክፍያውን ከታች ወደ ላይ መሥራት

አሁን ለእንዲህ ዓይነት ድልድይ የግምገማ ዋጋ ብናወጣ እንዴት እናወጣዋለን? ቀጥሎ ያለው የእኛ ግምት ነው፤ ከማንም ውል አልተቀዳም።

ቢጋሩን፣ የአፈር ጥናቱን፣ ስዕሎቹንና የስሌት ሰነዱን ማንበብ 40 ሰዓት። ከስዕሎቹ ተነሥቶ ራሱን የቻለ ጠቅላላ ሞዴል መሥራት 80 ሰዓት። የዲዛይነሩን የሞዴል ፋይል ተቀብሎ መክፈት ይህን ሰዓት ይቆጥባል፤ ግን ስህተቱንም አብሮ ያስገባል፣ ስለዚህ አይደረግም። አራት የግንባታ ደረጃዎችን መተንተን በደረጃ 25፣ በድምሩ 100 ሰዓት። ደረጃዎቹ ድጋፉ የተነሣበት፣ ስፓኑ በማጓጓዣ ላይ የሄደበት፣ ምሰሶ ላይ ያረፈበትና ከሁለተኛው ስፓን ጋር የተያያዘበት ናቸው። አባላቱን፣ ወለሉን፣ ጣሪያውንና ፖስት ቴንሽኑን (ኮንክሪቱን ጨምቀው የሚይዙትን የተወጠሩ ብረቶች) መፈተሽ 90 ሰዓት።

አሥራ አንዱ መጋጠሚያዎች እያንዳንዳቸው 10 ሰዓት፣ 110። አንድ መጋጠሚያ 10 ሰዓት ለምን ይፈጃል ቢባል ከአራቱ ደረጃዎች የሚመጡትን ኃይሎች ማውጣት፣ የትኛው ደረጃ እንደሚከፋ መለየት፣ የእውነተኛውን ገጽ ስፋት ከስዕሉ ላይ መለካት ስላለ ነው። ቱቦ ካለፈበት ስፋቱ ይቀነሳል። ገጹን የሚያቋርጠውን ፌሮ አንድ በአንድ መቁጠር፣ ከገጹ በሁለቱም በኩል በቂ ርዝመት መግባቱን ማየት፣ ከዚያ ማስላት አለ። ስሌቱ ራሱ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም፤ ጊዜውን የሚበላው ቁጥሮቹን ማግኘት ነው።

ምሰሶ፣ ድጋፍና መሠረት 60። የፌሮ ዝርዝርና የስዕል ምርመራ 50። አስተያየት መጻፍና የዲዛይነሩን መልስ በሁለት ዙር ማየት 60። የገምጋሚውን ሥራ በገምጋሚው ቢሮ ውስጥ ሌላ ከፍተኛ መሐንዲስ የሚያይበት 60። ሪፖርት፣ ስብሰባና ደብዳቤ 32።

ድምሩ 682 ሰዓት፣ በ150 ዶላር 102,300 ዶላር ነው። 10 ከመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 112,530 ይሆናል። ከመጀመሪያው የ110,000 ፕሮፖዛል ብዙ አይርቅም።

አሁን ተደራዳሪ ሆነን 61,000 እንድረስ። ሰነድ ማንበብን መሰረዝ አይቻልም። ሞዴል የሌለው ግምገማ ግምገማ ስለማይባል እሱም ይቆያል። የአባላት ፍተሻ የሶፍትዌር ውጤት ስለሚያሳይ ይቆያል። አስተያየትና ደብዳቤ መሥሪያ ቤቱ የሚጠይቃቸው ወረቀቶች ናቸው። ማንም ሳያይ ሊወጡ የሚችሉት ሦስት ናቸው፤ የግንባታ ደረጃዎች 100፣ መጋጠሚያዎች 110፣ የሁለተኛ መሐንዲስ ዓይን 60። እነዚህን 270 ሰዓት ከ682 ስናወጣ 412 ይቀራል፤ መጠባበቂያውን ጥለን በ150 ስናባዛ 61,800 ዶላር። እያንዳንዱ ቁጥር ግምት ነው፤ ሰዓቱን ሌላ ቢሮ ሌላ ያደርገዋል። የሚቀነሰው ነገር ቅደም ተከተል ግን በየትም ቢሮ አንድ ነው፤ ከውጭ የማይታየው ይቀድማል።

መጋጠሚያዎቹ ብቻ ቢመለሱ 110 ሰዓት፣ 16,500 ዶላር ይጨምራሉ። ደረጃዎቹ ቢጨመሩ ሌላ 15,000።

መቶኛ ለምን ያሳስታል

ብዙ ቢሮዎች የግምገማ ዋጋን ከዲዛይን ክፍያው 10 ወይም 15 ከመቶ ብለው ይቆርጣሉ። ለተለመደ ሕንፃ፣ ቋሚውና ቢሙ በተደጋገመበት ሥራ፣ ይህ ለመነሻ ግምት ይጠቅማል። ሁለት ቦታ ላይ ግን ይሰበራል። አንደኛ፣ ዲዛይነሩ ዋጋውን አርክሶ ሥራ ከያዘ የግምገማው ዋጋም አብሮ ይረክሳል፤ በርካሽ የተሠራ ዲዛይን ደግሞ ይበልጥ መታየት የሚገባው ነው። ሁለተኛ፣ ውስብስብነት ከዋጋ ጋር አብሮ አያድግም። የማያሚው ድልድይ በኮንክሪት መጠን ትንሽ ነው። አደጋው የተቀመጠው ጥቂት ካሬ ሜትር በማይሞላ ገጽ ላይ ነበር።

በጀርመን ለስታቲክ (የስትራክቸር ስሌት) ገምጋሚ መሐንዲሶች የሚከፈለው በየክልሉ ደንብ የተወሰነ ነው። የግንባታው ዋጋና ከ1 እስከ 5 ያለው የስትራክቸር የክብደት (የአስቸጋሪነት) ምድብ ተያይተው መሠረታዊ ክፍያው ይወጣል። የፌሮ ስዕሎች ምርመራና በኋላ የሚመጡ ተጨማሪ ስሌቶች ለብቻቸው ይከፈላሉ። መቶኛ እዚህም አለ፤ ልዩነቱ ምድቡ ሲከብድ መቶኛው ከፍ ማለቱና ዋጋው በድርድር አለመውረዱ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት አገር ሊቀዳ የሚችለው የክብደት ምድቡ ሐሳብ ነው፤ ትረስ፣ ትራንስፈር ቢም (ከላይ ያለን ቋሚ የሚሸከም ቢም)፣ ረጅም ካንቲሊቨር (በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ)፣ ፖስት ቴንሽን ወይም በደረጃ የሚገጣጠም ሥራ ካለ መቶኛውን ትቶ ወደ ሰዓት ቆጠራ መሄድ።

የስሌት ሰነዱ መኖር አለመኖሩም ዋጋውን ይለውጠዋል። አንዳንዴ አሠሪው ስዕል ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ዲዛይነሩ ተለያይቷል ወይም ሰነዱን አልሰጥም ብሏል። ያኔ ገምጋሚው የዲዛይነሩን ግምቶች ከስዕሉ ላይ መልሶ መገመት አለበት፤ ከላይ 40 ሰዓት ያልነው ንባብ በቀላሉ እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ መሐንዲሶች የሥነ ምግባር ደንብ ለአንድ አሠሪ የሚሠራን መሐንዲስ ሥራ ሌላው መሐንዲስ እሱ ሳያውቅ እንዳይገመግም ይከለክላል፤ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ካበቃ ግን ይፈቅዳል። ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። ዲዛይነሩ ካወቀ ጥያቄ ይመልሳል፤ በስልክ አሥር ደቂቃ የሚፈታ ነገር ያለ እሱ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት

የሚከፍለው አሠሪው ይሁን። በዲዛይንና ግንባታ ጥምር ውል ይህ ካልተቻለ የግምገማው ገንዘብ በዋናው ውል ውስጥ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ዲዛይነሩ ቢያተርፍበት እንኳ ወደ ኪሱ የማይመለስ ይሁን። ይህ አንድ መስመር በማያሚ የተደረገውን ድርድር ከመነሻው ያስቀር ነበር ብለን እናምናለን፤ 49,000 ዶላሩን የሚቆጥብ ሰው አይኖርም ነበርና።

ክፍያው ከፊርማ ጋር አይያያዝ። "ማረጋገጫ ደብዳቤው ሲሰጥ 40 ከመቶ" የሚል ውል ገምጋሚው ላይ ደብዳቤውን እንዲሰጥ ይገፋፋል። ክፍያ ሥራ ሲሠራ ይከፈል፤ ሞዴሉ ሲያልቅ፣ የመጀመሪያ ዙር አስተያየት ሲገባ፣ የሁለተኛው ዙር መልስ ታይቶ ሲዘጋ። መደምደሚያው "አላረጋግጥም" ቢሆንም ሙሉ ክፍያው ይከፈል። ሁለት ዙር በክፍያው ውስጥ ይካተት፤ ከሦስተኛው ጀምሮ በሰዓት ይሁን፣ ሰዓቱንም ስህተቱ የተገኘበት ወገን ይሸፍን።

ዋጋ መቀነስ ካስፈለገ የሚቀነሰው ሥራ በስሙ ይጻፍ። "መጋጠሚያዎች አይፈተሹም፣ የግንባታ ደረጃዎች አይተነተኑም" የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዋጋው ጎን ይግባ፤ ቅጂው ለአሠሪውና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይላክ፤ የማረጋገጫ ደብዳቤውም ላይ በዚያው ቃል ይደገም። በማያሚ ደብዳቤውን የተቀበሉት ሰዎች እጅ የገባው ሙሉ ግምገማ ተብሎ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር በደብዳቤው ላይ ቢኖር መሥሪያ ቤቱ ቢያንስ ይጠይቅ ነበር ብለን እናምናለን። ቦርዱ ከአደጋው በኋላ ለፍሎሪዳ መሥሪያ ቤት ከሰጣቸው ምክሮች አንዱም ገምጋሚው በሁሉም መጋጠሚያዎች ላይ ያሉትን ኃይሎች ስሌት እንዲያረጋግጥ መመሪያው እንዲያስገድድ ነው።

ለአዲስ አበባ ቢሮ

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከዩሮኮድ (ከአውሮፓ የስትራክቸር ዲዛይን ደረጃዎች) የተወሰዱት የኢ.ኤስ ኢ.ኤን ደረጃዎች መነሻ በሆነው፣ ኢ.ኤን 1990 በተባለው ሰነድ ላይ፣ መረጃ ሰጪ እንጂ አስገዳጅ ባልሆነው አባሪ ለ፣ የዲዛይን ቁጥጥር ሦስት እርከን አለው። በመጀመሪያው ራሱ ዲዛይነሩ ይፈትሻል፤ በሁለተኛው በዚያው ድርጅት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው፤ በሦስተኛው ሌላ ድርጅት። ፊግ መጀመሪያ ያሰበው የራሱን ሌላ ቢሮ መጠቀም በዚህ መለኪያ ከሁለተኛው እርከን አያልፍም። ሕዝብ እንደሚበዛበት አዳራሽ ያለ፣ ቢወድቅ ጉዳቱ ከባድ የሚሆን ሥራ ሲሆን ሦስተኛው ይመከራል።

የዶላሩን ዋጋ ወደ ብር መመንዘር ስህተት ነው። የሚሻገረው ሰዓቱ ነው። አሥር መጋጠሚያ አዲስ አበባም ማያሚም አሥር መጋጠሚያ ነው። ቢሮው የራሱን የሰዓት ዋጋ ከደመወዝ፣ ከሶፍትዌር ፈቃድ፣ ከኢንሹራንስና ከቢሮ ወጪ አውጥቶ ያባዛው። አሠሪው "ማህተም ብቻ ነው የምፈልገው" ሲል ደግሞ የሰዓት ሰንጠረዡን ፊቱ ላይ ዘርግቶ የትኛው መስመር ይውጣ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አብዛኛው አሠሪ መስመሩን በስሙ ሲያየው አይሰርዘውም።

ግምገማው ካበቃ በኋላ የመጣው ሥራ

የግምገማ ደብዳቤው ከተሰጠ በኋላ በድልድዩ ላይ ብዙ ነገር ተከሰተ። ስፓኑ ከመንገዱ ዳር ተሠርቶ ድጋፉ ሲነሣ፣ በፌብሩዋሪ 2018 መጨረሻ፣ በመጋጠሚያ 11/12 ላይ ስንጥቅ ታየ። ማርች 10 በማጓጓዣ ተወስዶ ምሰሶው ላይ ተቀመጠ። ለጉዞው በአባል 11 ውስጥ የተወጠሩት የፖስት ቴንሽን ዘንጎች ሲላሉ ስንጥቁ ሰፋ፤ ቦርዱ በኋላ እንዳለው ከተለመደው ከሚፈቀደው ከ40 እጥፍ በላይ ደረሰ። ማርች 15 ጠዋት በ3 ሰዓት በተካሄደው ስብሰባ ዲዛይነሩ ስንጥቁ የደኅንነት ሥጋት አይደለም አለ። መፍትሔ ተብሎ የተመረጠው ዘንጎቹን መልሶ መወጠር ነበር። ይህ ዕቅድ በገለልተኛ ገምጋሚ አልታየም። ድልድዩ የወደቀው ሠራተኞቹ በዚያው ሥራ ላይ እያሉ፣ ከሥር አንድ የምዕራብና አምስቱም የምሥራቅ መስመሮች ለመኪና ክፍት ሆነው ነው።

ስለዚህ የግምገማ ክፍያ ውስጥ አንድ የመጨረሻ መስመር ያስፈልጋል፤ ግንባታው እስኪያልቅ የሚቆይ የጥሪ አገልግሎት። ለምሳሌ 60 ሰዓት ተይዞ ካልተጠራ የማይከፈል፣ ከተጠራ በሰዓት የሚታሰብ። መጥሪያዎቹ በውሉ ይዘርዘሩ፦ ከ0.4 ሚሊ ሜትር የሰፋ ስንጥቅ፣ የግንባታ ቅደም ተከተል መለወጥ፣ በስዕሉ ላይ የሌለ ማንኛውም የመወጠር ወይም የማላላት ሥራ፣ የጥገና ዕቅድ። ገምጋሚው በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ እስኪደርስ ሥራው ይቆማል፣ ከሥር ያለው መንገድም ይዘጋል። 60 ሰዓት በ150 ዶላር 9,000 ዶላር ነው።